አሥራ ሁለተኛው ድርሰት

ባራክፖር፣ ትሪኒዳድ
ሴፕቴምበር 11 ቀን 1983

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለዴዎኪ፣

የቶሮንቶ ብርድ ሳይደፍርዎት፣ ጉልበትዎም ሳያስቸግርዎት ይህች ወረቀት እንድትደርስዎ አምላካችንን እናት ላክሽሚን እየለመንኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔም፣ ባለቤቴ ሄምራጅም፣ ልጃችን ታራም ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

አክስቴ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ታራ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በመጪው ማርች ለሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና ትቀመጣለች። የእኛ ሰው ነገር እንዴት እንደሆነ ያውቁታል። ያለፈ ልጅ ስሙ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ የወደቀ ልጅ እናት ደግሞ ሱቅ ስትሄድ በጓሮ መንገድ ትሄዳለች። እኔ ፎርሙ ላይ አንደኛ ምርጫ ብዬ የሞላሁት ሳን ፈርናንዶ ያለውን የመነኮሳቱን የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ሄምራጅ «ከአቅምሽ በላይ አትዝለይ» አለኝ። ዘለልኩ።

ሒሳቡን መምህር ጎሲን ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ያስጠኗታል። ያስቸገረን ድርሰቱ ነው። መምህሩ «ልጅ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ድርሰት አይፈጥርም፤ ሸምድዶ ይገባል፣ ገልብጦ ይወጣል» ይላሉ። የሚሸመደድ ጥሩ ድርሰት ግን ከየት ይምጣ? የመንደሩ መምህርት የነበሩት እርስዎ ነዎት። የእኔን ጭንቅላት እንደሆነ ያውቁታል። ያኔ እርስዎ ራስዎ «ሩክሚን፣ ላንቺ መርፌና ክር ይሻልሻል» ብለውኝ ነበር፤ እውነትዎን ነው፣ ይኸው በስፌት መኪናዬ እኖራለሁ።

አባቴስ ቢሆን በእኔ ጊዜ ለፈተናው እንድቀመጥ ቢፈቅድልኝ ኖሮ ቢያንስ ሞክሬ እወድቅ ነበር። «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል» ብሎ እምቢ ማለቱን እርስዎ ሲነግሩኝ የቆምኩበትን ቦታ ዛሬም አውቀዋለሁ። ከሞተ ሰባት ዓመት ሆነው፣ ነፍሱን ይማረው፤ ከሆዴ ግን አልወጣም። በታራ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም።

እባክዎን አንድ አሥር ያህል ድርሰት ይጻፉልን።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሩክሚን

ቶሮንቶ
ኖቬምበር 20 ቀን 1983

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለሩክሚን፣

አምላክ ቤትሽን ከጥል፣ ልጅሽን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልሽ። ሄምራጅን ሳሚልኝ፤ ታራን ደግሞ ሁለት ጊዜ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የካፖርት ቁልፍ ስተክል ውዬ እጄ ብዕር መያዝ እንቢ ይለኛል። ላንቺ መርፌና ክር ይሻልሻል ያልኩሽ ሰው ይኸው በባዕድ አገር መርፌና ክር ይዛለች፤ መሳቅ ትችያለሽ።

አሥር ብትዪኝ አሥራ ሁለት ጻፍኩ። ታራ የገባትንም ያልገባትንም በቃሏ ትያዘው፤ መረዳቱ ከፈተናው በኋላ ይደርሳል። ከሁሉም የሚበልጠው አሥራ ሁለተኛው ነው፤ «ለጥቂት ያመለጥንበት ቀን» ይላል። በሬ በሚጎትተው ጋሪ ስንሄድ ሸንኮራ አገዳ የሚጭነው ባቡር ሊደፈጥጠን ሲል ወንድሜ፣ አባትሽ፣ በጠጉሬ ጎትቶ ያወጣኝን ቀን ነው የጻፍኩት። ስድስት ዓመቴ ነበር። ፈታኞች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።

ስለ አባትሽ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ያለፈ ነገር ነው፤ አሁን ልጅሽን አስጠኚ።

አክስትሽ ዴዎኪ

ማሳሰቢያ፦ አሥራ ሁለተኛውን ለማንም አታሳዪ። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ድርሰት ከጻፉ ለሁለቱም ዜሮ ነው የሚሰጡት።

ባራክፖር
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1984

ይድረስ ለአክስቴ ለዴዎኪ፣

እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜዎ ይርዘም። እኛ ደህና ነን። የአገዳው ቆረጣ ስለ ተጀመረ ሄምራጅ የተቃጠለው አገዳ የሚመዘንበት ጋ ውሎ ማታ ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ይገባል።

ድርሰቶቹን በጥሩ ደብተር ገልብጬ፣ መግቢያው ላይ የርዕሶቹን ዝርዝር ጽፌ፣ ገጾቹንም በክር ሰፍቼ አዘጋጅቻለሁ። ታራ ከመምህር ጎሲን ስትመለስ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ በቃሏ ትልልኛለች። እየሰፋሁ እሰማታለሁ። ስትሳሳት መኪናውን አቆማለሁ፤ እሷም ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የሁመር ዛፍ ልምጭ ጠረጴዛው ላይ አለ። የሚያስፈልግበት ቀን አለ፤ እርስዎም እኛን ያስተማሩን በእሱ ነው። ጥፍሯን ነክሳ ነክሳ ጨርሳዋለች። ፈተናው ሲያልፍ ይበቅላል።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ጎረቤታችን ሱግዲያ፣ አገዳ ቆራጯ፣ ኬሽኒ የምትባል ከታራ ጋር የምትፈተን ልጅ አለቻት። ማስጠኛ የላትም። ባለፈው ሳምንት አጥሩ ላይ ተደግፋ፦

«ጎረቤት፣ የካናዳውን ድርሰት ብቻሽን ልትበይው ነው?» አለችኝ።

«ድርሰት ይበላል እንዴ?»

«ታራ እየበላችው አይደል? ያውም ሳይስማማት፤ ከሳችብን እኮ።»

ሳቅኩ፣ ግን ተናድጃለሁ። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል፤ ክፉ ላለመባል ደብተሩን ለሁለት ሳምንት ሰጠኋት። አሥራ ሁለተኛውን እንዳሉኝ አድርጌያለሁ።

ሩክሚን

ቶሮንቶ
ማርች 4 ቀን 1984

ለሩክሚን፣

የተማሪዎች እናት ሳራስዋቲ ከታራ ጎን ትቁም። ከዚህ ጋር ስድስት እርሳስ ልኬያለሁ፤ ጫፋቸው ላይ ላጲስ አላቸው፣ ግን ባታጠፋ ይሻላል፤ ማጥፋት ሰዓት ይበላል።

አሥራ ሁለተኛውን በተመለከተ ጥሩ አድርገሻል። ብዙ አላብራራሽልኝም፣ እኔም አልጠይቅሽም።

ሌላ የምነግርሽ ነገር ነበር። ከፈተናው በኋላ ይሁን።

አክስትሽ

ባራክፖር
ኤፕሪል 15 ቀን 1984

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ፈተናው አለፈ። በዋዜማው ግቢያችን ውስጥ በቀርከሃ ላይ አዲስ ቀይ የጸሎት ባንዲራ አቆምን፤ እርሳሶቹንም አስባረክን። ጠዋት የሮቲ ቂጣና ድንች ሠራሁላት፤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው።

ስትመለስ «ምን ወጣ?» አልኳት። «ድርሰት» አለች። «ምን ጻፍሽ?» «ድርሰት።» ይህን ብላ ልብሷን ልትቀይር ገባች። መምህር ጎሲን ግን ከሦስቱ ርዕሶች አንዱ «ለጥቂት ያመለጥንበት ቀን» እንደ ነበር ነገሩኝ። አክስቴ፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ዩኒፎርሟን የምሰፋበትን ሰማያዊ ጨርቅ ገዝቻለሁ።

ሩክሚን

ቶሮንቶ
ጁን 10 ቀን 1984

ለሩክሚን፣

ጤና ይስጥልኝ። የታራን ስም ጋዜጣ ላይ ካየሽ በኋላ ቆርጠሽ ላኪልኝ፤ ከአልጋዬ በላይ እለጥፈዋለሁ። ጨርቁን ግን ዝርዝሩ እስኪወጣ አትቁረጪው። እዚህ አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ ነግሬያለሁ። እነግርሻለሁ ያልኩሽ ነገርም አለ፤ የምሥራቹን ስሰማ ይቀለኛል ብዬ ነው የማቆየው።

አክስትሽ

ባራክፖር
ጁላይ 22 ቀን 1984

ይድረስ ለአክስቴ ለዴዎኪ፣

ጤናዎን ያብዛልዎ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር።

ዝርዝሩ ወጣ። የመነኮሳቱን ትምህርት ቤት ስሞች በጣቴ ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። የኬሽኒ ስም አለ። የታራ የለም። ታራ የደረሳት፣ ፎርሙ ላይ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ብዬ መጨረሻ የጻፍኩት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪ በዝቶ በፈረቃ የሚማሩበት። ድጋሚ እንድትቀመጥ ዕድሜዋ አይፈቅድም።

እንግዲህ ልናዘዝ። ደብተሩን ለሱግዲያ ከመስጠቴ በፊት በረከት ያግኝ ብዬ በእናት ሳራስዋቲ ሥዕል ፊት አስቀምጬው ነበር። እዚያው፣ እሷ እያየችኝ፣ አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ቀደድኩት። የርዕሶቹን ዝርዝር ግን ረሳሁት። መግቢያው ላይ በራሴ እጅ አሥራ ሁለት ርዕስ ጽፌ፣ ውስጡ አሥራ አንድ ድርሰት።

ጋዜጣው በወጣ ማግስት ሱግዲያ አንድ ትሪ የወተት ጣፋጭ ተሸክማ መጣች። በጓሮ ልወጣ ስል ያዘችኝ።

«ወዴት ነው የምትሸሺው? ጎረቤትሽ ነኝ እኮ፣ ፖሊስ አይደለሁም።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት።

«ደስታውስ የታራ ነው። የጎደለውን ገጽ በየማለዳው መንገድ ላይ አይደል እንዴ ያስጠናቻት? እስከ ቦኖው አንድ አንቀጽ፣ እስከ ሱቁ ሌላ አንቀጽ። ፈተናው ላይ እሱው ራሱ ወጣ።»

«የጎደለውን?»

«አዎ። ክሩ ላልቶ ገጹ ወድቆ ነው ብላታለች ታራ። አንቺ ደግሞ ሰፊ አይደለሽ? ሁለተኛ አጥብቀሽ ስፊው።»

አውቃ ይሁን ሳታውቅ ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ጣፋጩን ተቀብዬ ሳልቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ታራን ጠራኋት። አልጮህኩባትም።

«ርዕሱን ሳየው ኬሽኒ ዞር ብላ አየችኝ» አለችኝ። «ሁለታችንም ከጻፍነው ለሁለታችንም ዜሮ ነው። እሷ በደንብ የያዘችው እሱን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ሌላ አሥራ አንድ አለኝ።»

«ከአሥራ አንዱ ለሌሎቹ ርዕሶች የሚሆን ነበር?»

«አልነበረም። ‹ሁልጊዜ የምሰማው ድምፅ› የሚል ነበር፣ እሱን በራሴ ጻፍኩ። የመኪናሽን ድምፅ።»

«ምን ብለሽ?»

«ሲሄድ ደህና ነኝ። ሲቆም ተሳስቻለሁ ማለት ነው። እንደዚያ ብዬ። ግን ማለቂያው አልመጣልኝም፤ ሰዓቱ አለቀ።»

ልምጩን ሰብሬ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ምን ዋጋ አለው፣ አሁን። ልጄ የእናቷን ነውር በራሷ ዕድል ሸፈነችው፤ እኔም የምገባበት ጠፋኝ። ዩኒፎርም የሚሆነውን ጨርቅ ለኬሽኒ ሰጥቻለሁ። ያ ስስታም እጅ ከማን እንደ መጣብኝ አላውቅም፤ እናቴ እንዲህ አልነበረችም፣ አባቴም በሌላው ነገር ሁሉ ቸር ነበር።

ሩክሚን

ቶሮንቶ
ኦክቶበር 14 ቀን 1984

ለሩክሚን፣

ሰላምታ ለማስቀደም ፊት የለኝም። ልማድ ነውና ግን ጤና ይስጥሽ።

«ያ ስስታም እጅ ከማን እንደ መጣብኝ አላውቅም» ብለሻል። እኔ አውቃለሁ።

በ1959 ዋና መምህሩ «ከዚህ ትምህርት ቤት ለፈተና የሚላኩት ስድስት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ምረጪ» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አይበልጥሽም ነበር። አባትሽ የዚያን ሰሞን ከተቃጠለ አገዳ ማሳ በቀጥታ፣ ጥላሸቱን እንኳ ሳይታጠብ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ እኔን ታናሽ እህቱን «መምህርት» ብሎ ጠራኝ። «ስሟን አስገቢልኝ፤ የቤቱን ሥራ እኛ እንችለዋለን» አለኝ። ፎርሙን ሞላሁት። መጻፍ ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈበት። በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ «ቀለሙ በደንብ ይዟል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልላክሁትም። ለእሱ «ዋና መምህሩ አልተቀበሏትም» አልኩት። ለአንቺ «አባትሽ አልፈቀደም» አልኩሽ። መርፌና ክር ይሻልሻል ያልኩሽም የዚያኑ ቀን ነው። እናንተ አባትና ልጅ ተኮራርፋችሁ ስትኖሩ እኔ መሃላችሁ ተቀምጬ ሮቲ እበላ ነበር።

«ለዘመዷ አደላች እንዳይሉኝ ብዬ ነው» እያልኩ ራሴን ብዙ ዓመት አታለልኩ። ውሸት ነው። በዚያ መንደር የተማረች ሴት ሲባል እኔ ብቻ ነበርኩ። ደብዳቤ ሊያስነብብ የሚፈልግ ሁሉ ደጄ ይቆም ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ደግሞ በአሥር ዓመትሽ ከእኔ የተሻለ ትጽፊ ነበር። ጭንቅላቴን ያውቁታል እያልሽ ስትጽፊልኝ ጭንቅላትሽን የእኔን ያህል ማን ያውቀዋል።

በጠጉሬ ጎትቶ ከባቡር ያወጣኝ ወንድሜ ነው ይህን የሠራሁበት። ያንኑ ቀን ለልጅሽ ድርሰት አድርጌ ጻፍኩና፣ ለማንም አታሳዪ ብዬ ላክሁልሽ። ገጹን የቀደደው የአንቺ እጅ ቢሆንም ያዘዘው የእኔ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን ሃያ አምስት ዓመት አሳደርኩት፤ የምሥራች ስሰማ ይቀለኛል እያልኩ። ፎርሙን መጣል አቅቶኝ ባሕር ተሻግሬ ሁሉ ይዤው መጣሁ። ይኸው እዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም።

ዴዎኪ

ባራክፖር
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1985

ይድረስ ለአክስቴ ለዴዎኪ፣

አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልዎ። ይህችን ሰላምታ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኳት። በሦስተኛው ትቀመጥ ብዬ ተውኳት።

አራት ወር ዝም አልኩ። ተናድጄብዎታለሁ፤ ይህንን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ አላገኘሁም። አባቴ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ሆስፒታል ገብቼ እግሩን አጠብኩት፤ የልጅ ወግ ነውና። «ሩክሚን፣ ያኔ እነዚያ መምህራን ቢቀበሉሽ ኖሮ» ሲል «ተወው አባባ» ብዬ አቋረጥኩት። የሚዋሸኝ መስሎኝ ነበር። ይህ ነው የማይወጣልኝ።

ሱግዲያ ዘንድ ሄጄ «ገጹን ቀድጄው ነው» አልኳት። አንድ ዳቦ የምታካፍለኝ ያህል ቀለል አድርጋ፦

«አውቃለሁ» አለችኝ። «አገዳ ቆራጭ እኮ ነኝ፤ የወደቀና የተቆረጠ አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ጣፋጭ ተሸክሜ ነዋ። ትሪ በእጅ ይዞ ጥል አይመችም። አሁን ከፈለግሽ እንጣላ፣ እጄ ባዶ ነው።»

አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻለኝ ነበር።

ታራ ከሰዓት ፈረቃ ነው የምትማረው። እኔ የምመኝላት ትምህርት ቤት አይደለም፣ እሷ ግን ጓደኞች አግኝታለች። ማታ ኬሽኒ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ትጠብቃታለች። ጥፍሯ በቅሏል። ስሰፋ አጠገቤ ሆና ታነባለች፤ መኪናው ድንገት ሲቆም ግን ዛሬም ቀና ትላለች። «ክር ነው የተበጠሰው» እላታለሁ። ትመለከተኛለች፣ ከዚያ ወደ መጽሐፏ ትመለሳለች።

ከእንግዲህ ድርሰት አይላኩ። ይልቅ አባቴ ልጅ ሳለ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ ሳያሳምሩ። ይቅርታውን ገና አልደረስኩበትም፤ በመንገድ ላይ ልሁን አልሁን እንኳ አላውቅም። ደብዳቤዎን ግን እጠብቃለሁ።

ፎርሙን ስዘረጋው መጀመሪያ ያየሁት የአባቴን አውራ ጣት ነው። ቀለሙ በደንብ ይዟል። ከእሱ ጎን «የተፈታኝ ፊርማ» የሚል መስመር ባዶውን አገኘሁት። ከላኩልን እርሳሶች የተረፈ አንድ ነበር፤ ታራ ግን «ይህ በእስክሪብቶ ነው የሚፈረመው» ብላ የራሷን አቀበለችኝ። ፈረምኩ።

«እማ፣ ቀንም ይጻፍበታል» አለችኝ።

የዛሬን ጻፍኩ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሩክሚን